ወር የማያዛንፈው ሟች

ክላይቭ ዋልምስሊ ከሞተ አራት ዓመት አለፈው፤ የክሬዲት ካርዱን ክፍያ ግን አንድም ወር አዛንፎ አያውቅም። የሞተ ተጎዳ የሚባለው ለሌላ ሰው ነው። ባንኩ እንዲህ ያለ ታማኝ ደንበኛ ከየት ይገኛል እያለ የመበደሪያ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ከፍ አድርጎለታል፣ በልደቱ ቀን የመልካም ምኞት ካርድ ልኮለታል፣ ባለፈው በጋ ደግሞ ለእረፍትዎ የጉዞ መድን በቅናሽ ይግዙ ብሎታል። እንግሊዝ አገር፣ ሞርካም ውስጥ፣ ከባሕሩ ዳር ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ካለው ቤት በር ሥር የሚወድቀው ፖስታ ዛሬም የሚበዛው በእሱ ስም ነው። ሚስቱ ዶሪን እያነሣች ወንበሩ ክንድ ላይ ታኖርለታለች። እሱ ስለማይከፍተው ማታ ራሷ ትከፍተዋለች።

ዛሬ ማክሰኞ ልጁ ስቱዋርት ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ከፕሬስተን መጥቷል። በእናቱ ማእድ ቤት ቆሞ፣ አባቱ ይወደው የነበረውን ኃይለኛ የሚንት ከረሜላ እየመጠጠ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ክላይቭ ዋልምስሊ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለ፣ ከፊቱ ላለው የሻይ ማፍያ።

«ቸኮልክ» አለች እናቱ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው። ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባች ነበር። «እሱ ስሙን ሲጠራ አይቸኩልም። ዋልምስሊ ላይ ሲደርስ ትንሽ ትንፋሽ ያጥረው ነበር።»

ስቱዋርት ትንፋሹን አሳጥሮ ደገመው። ቢላዋው ዳቦው ላይ እንዳረፈ ቀረ። እናቱ ትንሽ ቆይታ መቀባቷን ቀጠለች። ውጭ የጥቅምት ዝናብ ያንጠባጥባል፤ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃውን ብቻ ትቶ ሄዷል።

ነገሩ የተጀመረው በፍርሃት ነው። ክላይቭ ጣሪያ ሲያስጠግን፣ የቤቱን ማሞቂያ ሲያስለውጥና ለሳሎኑ ምንጣፍ ሲገዛ ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ በካርዱ ተበደረና፣ ወለድ የማይቆጠርበት ጊዜ ሳያልቅ ሳንባው አለቀ። ዶሪን ባንኩ መሞቱን ከሰማ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አምጪ ይለኛል፣ ከሌለሽ ቤቱን ይለኛል ብላ ሰጋች። ባንኩ ደግሞ ከባለ ካርዱ በቀር ከማንም ጋር አልነጋገርም አለ። ስቱዋርት የአባቱን ድምፅ እያስመሰለ ዘመድ ሲያስቅ ያደገ ልጅ ነውና፣ አንዴ ብቻ ደውልልኝ አለችው፤ አንዴ ብቻ ደወለ። ከዚያ ወለድ የማይቆጠርበት ጊዜ አለቀና እንደገና ደወለ። ሲያልቅ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ዕዳውን ጠቅልሎ ሌላ ኩባንያ በሚሰጠው አዲስ ካርድ ላይ ያሳርፋል፣ ለማዛወሪያ ትንሽ ይቆርጡበታል፣ ከዚያ ዓመት ተኩል ያህል እንደገና ያለ ወለድ ይኖራል፤ በየወሩ ዝቅተኛዋን ክፍያ በቀኗ ከከፈለ። ቀኗን ያሳለፈ ወዮለት፤ በዓመት የዕዳውን ሩብ የሚያህል ወለድ ነው የሚጫንበት። በዚያ መንገድ ካሉት ቤቶች ግማሾቹ እንዲህ ከካርድ ወደ ካርድ እየዘለሉ ነው የሚኖሩት። ሰው የልጁን ልደት ሊረሳ ይችላል፣ የካርዱን ቀን ግን አይረሳም። ልዩነቱ ሌሎቹ የሚዘሉት በሕይወት እያሉ መሆኑ ብቻ ነው።

ስቱዋርት ፕሬስተን ፍርድ ቤት በር ላይ ቦርሳ ፈታሽ ነው። በሰው ስም ገንዘብ የተበደሩ ሰዎች ለሰርግ የገዙትን ኮት ለብሰው ይመጣሉ፣ ቀበቷቸውን አውልቀው ከፊቱ ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹ በዚያ በር አይመለሱም። ባያቸው ቁጥር እጁ ወደ ገዛ ቀበቶው ይሄዳል። ይህንን ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱ ለጄማ የነገራት ስለ ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱም ስለሰማችው። ባለፈው ጊዜ ከደወለ በኋላ ድምፁ አልለቅ አለው። ሱቅ ገብቶ ወተት ሲጠይቅ የጠየቀው አባቱ ነበር። በእንቅልፉ «መስኮቱን ዝጊው፣ የኔ ቆንጆ» ብሏት ጄማ መብራት አብርታ ፊቱን ስታየው አድራለች። ዛሬ ጠዋት የስድስት ወር ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆመችና «ዛሬ የመጨረሻ ነው በላት» አለችው። «እኔ ያገባሁት አንተን ነው እንጂ አማቴን አይደለም። ይሄ ልጅ ሲወለድ የሚያናግረው ማን እንደሆነ ይወቅ።» ስቱዋርት ማለላት። የዛሬውን ጥሪ ጨርሶ ለእናቱ ሊነግራት ነው የመጣው፤ ከፕሬስተን እስከ ሞርካም መኪናው ውስጥ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነበር።

ሳሎን ሲገባ ግን ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። ክፍሉ ሞቋል። ዶሪን የጋዝ ቆጣሪዋን በአሥር በአሥር ፓውንድ የምትሞላ፣ ክረምቱን በሁለት ሹራብና በአንድ ብርድ ልብስ የምትገፋ ሴት ናት፤ ልጇ ሲመጣ እንኳ ኮትህን አታውልቅ ነው የምትለው። ዛሬ ማሞቂያው ከጠዋት ጀምሮ እየነደደ ነው። እሷም ሰማያዊውን ሸሚዟን ለብሳለች፣ ከንፈሯን ቀለም ነካ አድርጋዋለች፣ አጠገቡ ስታልፍ ሽቶ ሸተተው። ባለፈው ጊዜም እንዲህ ነበረች ወይ ብሎ ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ጠረጴዛው ላይ የተቀዳው ሻይ ሦስት ስኒ ነው። ሦስተኛው ውስጥ ስኳር ስትጨምር አያት፣ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ስቱዋርት ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው፤ እሷ ደግሞ ሐኪም ከከለከላት ቆይቷል።

«እዚያ ተቀመጥ» አለችው፣ ወደ አባቱ ወንበር እያመለከተች።

«እዚህ ይሻለኛል።»

«እዚያ ሲሆን ነው ድምፅህ ደህና የሚወጣው።»

ወንበሩ በክላይቭ ገላ ልክ ጎድጉዶ የቀረ ነው። ስቱዋርት ዱሮ አባቱ ሥራ ሲሄድ ተደብቆ ይቀመጥበት ነበር፤ ያን ጊዜ እግሩ መሬት አይነካም፣ ጎድጓዳውም ይውጠው ነበር። አሁን ሲቀመጥ ጎድጓዳው ልክ ሆነው። ክርኑ የት እንደሚያርፍ ሳያስብ ክርኑ ቦታውን አገኘ። ዶሪን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

«አንድ ሁለት ነገር በል» አለችው። «ጉሮሮህ እንዳይደርቅ።»

«ምን ልበል?»

«ምንም። ስለ ዝናቡ። ወይ ደግሞ ዝም ብለህ ስሜን ጥራ።»

ስቱዋርት አላማረውም። ግን እናት ናት፤ ደግሞም ቶሎ ተጀምሮ ቶሎ ቢያልቅ ይሻላል። ከረሜላውን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ «ዶሪን» አለ፣ ክላይቭ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ እንደሚለው፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ወረድ አድርጎ። «ዶሪን፣ መጋረጃውን ሰብሰብ አድርጊው፣ የኔ ቆንጆ። ጨለመብን እኮ።» እናቱ ተነሥታ መጋረጃውን ሰበሰበችው። የተነሣችው ለቀልድ እንዳልሆነ ገባው።

ከጓሮ በር በኩል አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

በሩ መቃን ላይ አክስቱ ፓት ቆማለች፣ የአባቱ ታላቅ እኅት፣ ከእግሯ ሥር በላስቲክ የያዘችው ማሰሮ ተሰባብሮ በቅቤ የታሸገው የባሕር ሽሪምፕ ፈሷል። ፊቷ ነጭ ሆኗል። የምታየው ስቱዋርትን አልነበረም፤ የወንበሩን ጀርባ ነበር።

«ክላይቭ?» አለች።

ማሞቂያው ጠቅ ጠቅ አለ።

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ» አለ ስቱዋርት ዘወር ብሎ። ድምፁ ግን ገና አልተመለሰም ነበርና ሴትየዋ መቃኑን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንተ የሰይጣን ቁራጭ!» አለች በመጨረሻ ትንፋሿ ሲመለስ። «ነፍሴን ከሥጋዬ ለየኸው እኮ! ወንድሜን ነው የሰማሁት፣ በገዛ ጆሮዬ!»

«ሲቀልድ ነው» አለች ዶሪን ቶሎ ብላ፣ ለመጥረጊያ ጨርቅ እየተነሣች። «ልጅ ሆኖም እንዲሁ አልነበረም?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመቱ! ሊወልድ የደረሰ ልጅ! ሰባት ፓውንድ ያወጣሁበትን ሽሪምፕ ምንጣፍ አበላኸኝ፤ ካሣዬን ከአንተ ነው የምቀበል።» ፓት ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና፣ ጉሮሮዋን ለማራስ ከጠረጴዛው ሦስተኛውን ስኒ አንሥታ ፉት አለች። ዶሪን እጇን ዘርግታ ልትቀማት ደርሳ ተወችው። «ኧረ በስኳር ገደልሽው» አለች ፓት፣ እየጠጣች።

ፓት ድንጋጤዋ የሚለቃት በወሬ ነው። የአውቶቡሱን መዘግየት አወራች፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ለማግኘት ጎሕ ሳይቀድ መደወል እንዳለ አወራች፣ ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ወደ ብሬንዳ ባል ዞረች። ሰውየው ባለፈው ወር ሞቶ አራት ክሬዲት ካርድ ትቶባታል። «ስታለቅስ መጣችብኝ። እኔ ምን አልኳት፣ የሞቱን ወረቀት ላኪላቸው፣ በቃ! ካርዱ በሱ ስም ብቻ ነው፣ በስሙ ያለው ሀብት ደግሞ አንድ የማይነሣ መኪና ነው፤ ቤቱ የሁለታችሁ ስለነበር ላንቺ አልፏል። ከማን ይወስዳሉ? ላከችላቸው። እናዝናለን የሚል ደብዳቤ ጽፈው ሠረዙት። ዕዳውም አብሮት ተቀበረ።» ስኒውን አስቀመጠች። «በክላይቭ ቀብር ቀን ላንቺም ይህንኑ ነግሬሽ የለም? እዚሁ ተቀምጠን።»

«ነግረሽኛል» አለች ዶሪን። ምንጣፉን እያሸች ነበር።

ስቱዋርት እናቱን አያት፤ እሷ ጨርቁን አየች። ፓት የዘመዶቿን ፊት ማንበብ ትወድ ነበር፣ ዛሬ ግን ያየችው ነገር ስላልጣማት አውቶቡሴ ሊያልፈኝ ነው ብላ ተነሣች። በሩ ላይ ስቱዋርትን ስትስመው ጆሮው ሥር «ሁለተኛ እንዳታደርገው፣ እሺ?» አለችው፤ ቀልድ አልነበረም።

በሩ ተዘጋ። ዶሪን የፓትን ስኒ ወስዳ አጠበችው፣ ሌላ ሻይ ቀዳችበት፣ ስኳሩን ጨመረች፣ መልሳ ቦታው አስቀመጠችው።

«ታውቂ ነበር» አለ ስቱዋርት። «ከመጀመሪያው ጀምሮ መክፈል እንደሌለብሽ ታውቂ ነበር።»

«ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

«እማዬ፣ እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ነው የምሠራው። በየቀኑ የማየው...»

«ቁጥሩ እዚያ ወረቀት ላይ አለ፤ የአዲሱ ካርድ ኩባንያ ነው። ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ታዛውራለህ፣ ከዚያ በቃ። የምትለውን ደውለህ ስትጨርስ ትለኛለህ።»

ስቱዋርት ወረቀቱን አየው። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ከወረቀቱ አጠገብ ያለውን አሮጌውን ካርድ አንሥቶ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር መታ። «ያኛው አይደለም» አለች እናቱ፣ ከወንበሯ እየተነሣች። «ስቱዋርት፣ ያኛው አይደለም!» ስልኩ ግን እንደወትሮው በስፒከር ነበርና መጥራት ጀምሯል፣ አንሥቷልም። የማሽኑ ድምፅ እባክዎን ሐረጉን ይናገሩ አለ።

«ድምፄ ፊርማዬ ነው» አለ ክላይቭ ዋልምስሊ።

«እናመሰግናለን፣ ሚስተር ዋልምስሊ። ድምፅዎን አውቀነዋል።»

ዶሪን ዓይኗን ጨፈነች። ማሽኑ ስሙን ሲጠራ ከንፈሯ አብሮ ሲንቀሳቀስ ስቱዋርት አየ። ከዚያ ሙዚቃ ትንሽ ተሰማ፣ ቀጥሎም ቤታኒ የምትባል ፈጣን ወጣት መጣች።

«እንኳን ዛሬ አገኘንዎት፣ ሚስተር ዋልምስሊ! መስመሩ እንደልማዱ ይቋረጣል ብዬ ነበር።»

«እንደልማዱ?»

«ይደውላሉ፣ ድምፅዎ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ይዘጋል። ትናንትም፣ ዓርብም ደውለው ነበር። ከጸደይ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እዚህ ተመዝግቧል። ጤናዎን ነው ወይ ብለን ተጨንቀን ነበር።»

ስቱዋርት ዓመት ተኩል ሙሉ አልደወለም። ትናንት በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ሲፈትሽ ነበር፤ ዓርብም እንዲሁ። ከሱ ሌላ በዚህ ድምፅ የሚናገር ሰው አንድ ብቻ ነበረ፣ እሱም ከሄይሻም መንገድ ማዶ ከአፈር በታች ነው። ወንበሩ ከሥሩ የሚሞቅ መሰለው፣ ሰው ገና እንደተነሣበት ዓይነት። 

«ዕዳዬ ስንት ነው፣ የኔ ቆንጆ?» አለ። ለመጠየቅ ያሰበው ይህንን አልነበረም።

«ዕዳ?» ሳቀች ቤታኒ። «ምንም የለብዎትም እኮ። በመጋቢት ጠቅልለው ከፍለውታል። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ የአንድ ጋዜጣ ዋጋ የምታህል ነገር ይገዙበታል፣ ወዲያው ይከፍሏታል። እንዲያውም ያለ ወለድ የተሰጠዎት ጊዜ ዓርብ ያልቃል። ካልፈለጉት አሁኑኑ ልዘጋልዎት እችላለሁ። ልዝጋው፣ ሚስተር ዋልምስሊ?»

ስቱዋርት ቤታኒ እንዳትሰማቸው በእነሱ በኩል ያለውን ድምፅ አጠፋና ቀና አለ። ዶሪን ከሸሚዟ ኪስ አሮጌ ስልኳን አውጥታ በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ እንደ ወፍ ጫጩት።

«ባለፈው ስትለማመድ ቀዳሁህ» አለች። «በዚህ አሰማዋለሁ። ማሽኑ አውቀነዋል ሲል እሰማና እዘጋለሁ። ሌላ ምንም አላደርግም።»

«ገንዘቡስ? ስድስት ሺህ ከየት መጣ?»

«የእናቴን ቀለበት ሸጥኩት። ያለኝንም ጨመርኩበት። ዕዳው ሲያልቅ ቀላል ይለኛል ብዬ ነበር፣ ስቱዋርት። ምንም ቀላል አላለኝም። ዕዳ ከሌለ አንተ ለምን ትመጣለህ? እሱንስ ማን ይፈልገዋል? ጎረቤቱ ረስቶታል። አንተ መቃብሩ ጋ ሄደህ አታውቅም። ስሙን ጠርቶ አውቀዋለሁ የሚለኝ ያ ማሽን ብቻ ነው።»

ስቱዋርት እጁን ዘረጋ፣ ስልኩን ሰጠችው፣ ተጫነው። ድምፄ ፊርማዬ ነው፣ አለ ሰውየው፣ ሳይቸኩል፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠረው፣ ከዚያ ከደረቱ ሥር የሚመጣ እርጥብ ሳል ሳለ። ስቱዋርት ያን ቀን ስለ መሳሉ ምንም አያስታውስም። እንዲህ ያለ ሳል የሰማው ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ መጨረሻው ሳምንት ላይ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ።

«አንተ ነህ መሰለኝ» አለች እናቱ። «በፊት እለይ ነበር። አሁን አልለይም።»

«ሚስተር ዋልምስሊ?» አለች ቤታኒ። «አሉ?»

ድምፁን መልሶ ከፈተው። ዶሪን መጥታ ከወንበሩ ፊት ተንበረከከች፣ የሱሪውን ጉልበት ያዘች፣ ሽቅብ አየችው። እንዲህ ያለ አስተያየት ከእናቱ አይቶ አያውቅም፣ ልጅም ሊያየው የሚገባ አልነበረም።

«አታስዘጋው» አለች በሹክሹክታ። «ክላይቭ፣ እባክህ።»

ስቱዋርት ያን ጊዜ ቆረጠ። በራሱ ድምፅ ሊናገር ነው፤ እኔ ልጁ ነኝ፣ ባለ ካርዱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፣ የሚመጣው ይምጣ ሊላት ነው። ለጄማ ምሏል። ከረሜላውን መዳፉ ላይ ተፋው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አፉን ከፈተ።

«ዝጊው፣ የኔ ቆንጆ» አለ ድምፁ፣ ዝግ ብሎ፣ ወረድ ብሎ። «ብዙ ቆየሁ።»

ያለው እሱ አልነበረም፤ ቢያንስ እንዲህ ሊል አላሰበም። ቤታኒ የሆነ ነገር ስትጽፍ ተሰማች። «ተዘግቷል፣ ሚስተር ዋልምስሊ። ለረጅም ጊዜ አብረውን ስለቆዩ እናመሰግናለን» አለች፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ዶሪን የልጇን ልመናም ቁጣም ብትሰማ ኖሮ ገና ክረምቱን ሙሉ ትከራከር ነበር። ክላይቭ ቆርጦ የተናገረውን ግን በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ተከራክራ አታውቅም። «እሺ» አለች። «እሺ፣ አንተ ካልክ።» ከዚያ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች፣ በቀብሩ ቀን እንግዳ ስታስተናግድ ያላለቀሰችውን፣ ከዚያ ወዲህም ያላለቀሰችውን ሁሉ። ስቱዋርት አይዞሽ እማዬ ሊላት ፈለገ። ግን የማን ድምፅ እንደሚወጣ አላወቀምና፣ ጥርሱን ገጥሞ እጇን ብቻ ያዘ።